መጽሐፉን ማን ሰረቀው? ስሙንስ ማን ፋቀው?

የ2017 ክረምት መግቢያ ላይ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ኮፒ ቤት ውስጥ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ከፊቴ ያለው ተማሪ ወፈር ያለ የአማርኛ መጽሐፍ ለልጅቷ ሰጣት። አላመነታችም። ሽፋኑን ገንጥላ ወደ ጎን አደረገች፣ የመጽሐፉን ጀርባ ከመቁረጫው ምላጭ ስር አስተካከለች፣ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ተጫነችው። ሙጫ የያዘው ጠርዝ እንደ ጥብጣብ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። 300 ምናምን ገጽ ያለው መጽሐፍ በአንዴ ልቅ ወረቀት ሆነ። ከዚያ ወረቀቱን አናቱ ላይ ጫነችለትና ማሽኑ አንድ በአንድ እየሳበ፣ ፊትና ኋላውን እያነሳ፣ በሌላው በኩል ያወጣው ጀመር።

«ስንት ኮፒ?» አለችው።

«አሥራ ሁለት። ፒዲኤፉንም ላኪልኝ።»

የመጽሐፉ ደራሲ በሕይወት ያለ ሰው ነው።

ይህን ያነሳሁት ልጅቷን ለመውቀስ አይደለም። የመጽሐፍ ዋጋ ለተማሪ የሚቀመስ አልሆነም፣ ቤተ መጻሕፍቱም ውስጥ ያለው አንድ ወይ ሁለት ቅጂ ነው። ያነሳሁት በዚያው ሰሞን ስከታተለው የነበረ አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጉዳይ ስለዚሁ ስለ መቁረጫው ስለነበር ነው። እውነቴን ነው። መጽሐፍ ገዝቶ፣ ጀርባውን ቆርጦ፣ ስካን አድርጎ፣ ወረቀቱን መጣል ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም የሚል ጥያቄ ሳን ፍራንሲስኮ ዳኛ ፊት ቀርቦ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሎድ የሚባለውን ኤአይ የሚሠራው አንትሮፒክ የተባለ ኩባንያ፣ ሞዴሎቹን ለማሠልጠን ብዙ፣ በጣም ብዙ ጽሑፍ ያስፈልገው ነበር። እነዚህ ሞዴሎች ቋንቋ የሚማሩት ከተጻፈ ነገር ነው፤ ከተጻፈ ነገር ሁሉ ደግሞ መጽሐፍ ይበልጣል፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ዓመታት ቆጥሮ ያሰበው፣ አርታኢ ያየው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተያያዘ ሐሳብ ያለበት ጽሑፍ እዚያ ነው ያለው። ኩባንያው በሁለት መንገድ መጽሐፍ ሰበሰበ። መጀመሪያ ላይ ከኢንተርኔት፣ የተሰረቁ መጻሕፍት ከሚከማቹባቸው ቦታዎች፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ቅጂ አወረደ። በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ፣ መንገዱን ቀየረና የታተሙ መጻሕፍትን፣ ብዙ ጊዜ ያገለገሉትን፣ በሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር እየገዛ ያንን የኮፒ ቤት ሥራ በፋብሪካ ደረጃ ሠራው። ቆረጠ፣ ስካን አደረገ፣ ወረቀቱን አስወገደ።

ሦስት ደራሲዎች ከሰሱት። ዳኛው ዊልያም አልሳፕ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ውሳኔ ሰጡ። ውሳኔያቸው አንድ አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ድርጊት ለየብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውል «ኤአይ አሸነፈ» ወይም «ደራሲዎች አሸነፉ» እያለ ነው ያወራው። በመጻሕፍቱ ሞዴል ማሠልጠን ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው፣ ማለትም ያለ ደራሲው ፈቃድ ቢደረግም ሕጉ ይፈቅደዋል፣ አሉ። ገዝቶ ቆርጦ ስካን ማድረጉም ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው፣ አሉ። የተሰረቁትን 7 ሚሊዮን ቅጂዎች አውርዶ ቤተ መጻሕፍት አድርጎ ማስቀመጥ ግን አይደለም።

ስካኑ ለምን እንደተፈቀደ ልብ በሉ። ኩባንያው መጽሐፉን ገዝቷል። ወረቀቱ ጠፍቶ በቦታው ፋይል መጣ። አንድ ገባ፣ አንድ ወጣ። ፋይሉ ቦታ አይፈጅም፣ ለመፈለግ ይቀላል፣ ለሌላ ሰው ግን አልተሰጠም። ቅጂው አልበዛም። በዚህ ሚዛን የደብረ ማርቆሱን ኮፒ ቤት ስናየው ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ መቁረጫው አንድ ነው፣ ስካነሩም ያው ነው፣ እዚህ ግን አንድ ገብቶ አሥራ ሁለት ወጣ፣ ፒዲኤፉ ደግሞ ከዚያ በኋላ ማን ስልክ ላይ እንደሚያድር አይታወቅም።

የተሰረቁት ቅጂዎች ጉዳይ ለችሎት ተቀጠረ። የአሜሪካ ሕግ ሆን ተብሎ ለተጣሰ የቅጂ መብት በአንድ ሥራ እስከ 150 ሺህ ዶላር ያስቀጣል፤ ዝቅተኛው በተለምዶ 750 ዶላር ነው። በመቶ ሺዎች ሲባዛ ኩባንያ ያፈርሳል። ስለዚህ ተስማሙ። 1.5 ቢሊዮን ዶላር። ወደ 480 ሺህ ለሚሆኑ መጻሕፍት፣ የጠበቃውና የሌላው ወጪ ሳይነሳለት በአንድ መጽሐፍ ወደ 3 ሺህ ዶላር ግድም ይደርሳል። ፍርድ ቤቱ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ስምምነቱን በመጀመሪያ ደረጃ ተቀበለው። ኩባንያው የወረዱትን ፋይሎች ሊያጠፋም ተስማማ።

ከ7 ሚሊዮን ወደ 480 ሺህ እንዴት ወረደ? እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ከወረዱት ውስጥ ድግግሞሹ ብዙ ነው፣ ዋናው ወንፊት ግን መስፈርቱ ነው። መጽሐፉ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ወይም የአማዞን መለያ ሊኖረው ይገባል። በታተመ በ5 ዓመት ውስጥ አሜሪካ ባለው የቅጂ መብት ቢሮ መመዝገብ አለበት። ምዝገባው ደግሞ ፋይሉ ከመውረዱ በፊት፣ ወይም መጽሐፉ በታተመ በ3 ወር ውስጥ የተደረገ መሆን አለበት። አሁን ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ወይም አዲስ አበባ ያለ አንድ ደራሲ አስቡ። አንድ ሺህ ኮፒ አሳትሞ፣ ግማሹን በትከሻው ተሸክሞ ለመጽሐፍ አዟሪ አከፋፍሎ፣ የቀረውን አልጋ ስር የደረደረ ሰው። ዋሽንግተን ሄዶ አስመዝግቧል? መጽሐፉ ከእነዚያ ሚሊዮኖች መካከል ቢኖር እንኳ አንድ ሳንቲም አያገኝም። ሌባው የከፈለው ደረሰኝ ላላቸው ብቻ ነው።

እኔም ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነኝ። ከዓመታት በፊት በጎጃም ገበሬ ዘንድ የሚባሉ ቃል ግጥሞችና ተረቶች ሰብስቤ አነስ ያለች መጽሐፍ አሳትሜ ነበር። በስድስት ወሯ ፒዲኤፍ ሆና ስልክ ለስልክ ስትዞር አገኘኋት። ስካኑ ከዚያ ኮፒ ቤት ዓይነት ቦታ እንደወጣ ያስታውቃል፤ ገጽ 41 ላይ የሰው አውራ ጣት አብሮ ተነስቷል። ያ አልነበረም ያመመኝ። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች የሉም። ስሜ የለም። ግጥሙን ያወጡልኝ የማቻከልና የቢቡኝ ሽማግሌዎች ስም፣ ምስጋናው ገጽ ላይ አንድ በአንድ የጻፍኩት፣ እሱም የለም። መጽሐፏ የማንም ሆናለች።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን፣ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ሰው ከሚገምተው በላይ ጠንካራ ነው። ጥበቃው ምዝገባ አይጠይቅም። ሥራህ የራስህ ወጥ ፈጠራ ከሆነና ወረቀት ላይ ወይም ሌላ ነገር ላይ ከሰፈረ በቃ፣ የተጠበቀ ነው። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ እንግዲህ ሥራቸው እስከ 2046 ባለቤት አለው ማለት ነው። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግን ሕጉ ይፈቅዳል፣ ሙሉውን መጽሐፍ ወይም አብዛኛውን ክፍል ፎቶ ኮፒ ማድረግን ግን ከዚያ ፈቃድ ያወጣዋል። ስለዚህ አሥራ ሁለቱ ኮፒ በግልጽ የተከለከለ ነው። እንደ አሜሪካው ዳኛው በሚዛን እያየ የሚወስንበት ሰፊ የ«ፍትሐዊ አጠቃቀም» አንቀጽም የለውም። ማሽን ስለማሠልጠንም አንድ ቃል አልተጻፈበትም፣ ሲወጣ ማን አስቦት! ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጓን አሻሽላ ለመረጃ ትንተና በሰፊው ፈቅዳለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያው ፈቅዶ፣ ባለመብቱ «የኔን አትንኩ» የሚልበት በር ትቷል። እኛ ገና ጥያቄውን አላነሳነውም።

አንድ ነገር ግን የእኛ ሕግ አለው፣ አሜሪካኖቹ ለመጽሐፍ ብዙም የሌላቸው። የሞራል መብት። ደራሲው ሥራው የእሱ መሆኑ እንዲነገርለት፣ ስሙ እንዲጠራ፣ ሥራው ተጣምሞ ክብሩ እንዳይነካ የመጠየቅ መብት አለው። ከገንዘቡ የተለየ መብት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ኤአይ ኩባንያዎቹ የሚያቀርቡት ዋና መከራከሪያ «ሰውም እኮ አንብቦ ነው የሚማረው» የሚል ነው። ዳኛ አልሳፕ ተቀብለውታል፤ የደራሲዎቹ ቅሬታ ልጆችን ጥሩ ጽሑፍ መጻፍ ማስተማር ተፎካካሪ መጻሕፍትን ያበዛል ብሎ ከመክሰስ አይለይም ብለዋል። ልክ ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን የሜታን ተመሳሳይ ጉዳይ ያዩት ዳኛ ቪንስ ቻብሪያ ይህን ምሳሌ አልተቀበሉትም። አንድ ልጅ ማስተማርና፣ አንድ ሰው በትንሽ ጊዜና በትንሽ ድካም ስፍር ቁጥር የሌለው ተፎካካሪ ጽሑፍ የሚያመርትበትን መሣሪያ መሥራት አንድ አይደሉም አሉ። ያን ቀን ሜታ ረታ፣ የረታው ግን ከሳሾቹ የገበያ ጉዳቱን በማስረጃ ስላላሳዩ ነው እንጂ ድርጊቱ ትክክል ስለሆነ እንዳልሆነ ዳኛው በግልጽ ጽፈዋል።

እኔ ይህን ክርክር ስሰማ የሚመጣብኝ ቅኔ ቤት ነው። ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው ሌላ ምን ሊመጣበት? ዋሸራ ወይም ጎንጅ የገባ ተማሪ ቅኔ የሚማረው የሌላ ሰው ቅኔ በመስማት ነው። የኔታ ያወርዳሉ፣ እሱ ይሰማል። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ቀን ጫካ ወይም መቃብር ቤቱ ጥግ ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፣ ለየኔታ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ይሰበርበታል፣ እንደገና ይቆጥራል። ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ መወድስ ይደርሳል። በመጨረሻ ቆሞ ከራሱ ሲያፈልቅ «ዘረፈ» ይባላል። ቃሉ የሚገርም ነው። ዝርፊያም ዘረፋ ነው፣ ቅኔ ማፍለቅም ዘረፋ ነው።

ከስንት መቶ ቅኔ ተምሮ ነው እዚያ የሚደርሰው? ማንንም አስፈቅዶ አይደለም፣ ለማንም ከፍሎ አይደለም። ስለዚህ መማርን ከስርቆት የሚቆጥር ሰው የራሳችንን ቅኔ ቤት ነው የሚከሰው። እኔ በዚህ ከአልሳፕ ጋር ነኝ። ማሽንም ይማር።

ግን ቅኔ ቤት ሁለት ነገር አጥብቆ ይይዛል። አንደኛ፣ የሰማኸውን ቅኔ መልሰህ የራሴ ነው ብትል ያፍሩብሃል፤ ቅኔ በየቀኑ አዲስ ነው። ሁለተኛ፣ መቼም ቢሆን «መምህርህ ማን ነው?» ተብለህ ትጠየቃለህ። ትመልሳለህም። የእገሌ ደቀ መዝሙር፣ እሳቸውም የእገሌ። ሐረጉ እስከ ሥሩ ይቆጠራል። አንዱን ሞዴል አሁን ከፍታችሁ በአማርኛ አንድ ነገር አስጽፉትና «ይህን ከማን ተማርከው?» በሉት። ሊመልስ አይችልም። ስሙ በሥልጠናው መሐል ቀልጦ ጠፍቷል።

የብራና መጻሕፍቶቻችንን ያየ ሰው በብዙዎቹ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ያገኛል። ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን። የሰረቀው፣ የፋቀው፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። ዲማ ጊዮርጊስም ሂዱ፣ መርጡለ ማርያምም፣ የጣና ደሴቶችም፣ ያው ግዝት ነው። ምን እንደማይል አስተውሉ። ያነበበው አይልም። የገለበጠውም አይልም። እንዲያውም መገልበጥ ዋጋ ያለው ሥራ ነበር፤ ጸሐፊው ክረምት ከበጋ ጎንበስ ብሎ አንድ መጽሐፍ ሲገለብጥ የደከመው እንዲነበብ ነው። የተከለከለው ሁለት ነገር ነው። መስረቅና ስም መፋቅ። ባለቤቱን፣ ያጻፈውን፣ የጻፈውን ስም በምላጭ ፍቆ የራስን ማስገባት።

የካሊፎርኒያው ጉዳይ የመጀመሪያውን ግማሽ ነው የዳኘው። የሰረቀውን አስከፈለ። የፋቀውን ማንም አልጠየቀውም። የእኛ አዋጅ የሞራል መብት ያለው ያንን ሁለተኛውን ግማሽ ነው።

ደግሞ «አማርኛው ጭራሽ አይግባ፣ መጻሕፍቶቻችንን ደብቀን እንያዝ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ማሽኑ አሁን ከኢንተርኔት ከለቀመው የአማርኛ ቁርጥራጭ ተምሮ የሚጽፈውን አይታችኋል፤ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የባዕድ ሰው ንግግር። ጉባኤ ቃና ጻፍልኝ ብዬው የግዕዝ ቃላት ደርድሮ ሰጠኝ፣ ቤት አይመታም፣ ሰሙም ወርቁም የለም። ልጆቻችን የቤት ሥራቸውን በዚህ እየሠሩ ነው። ጥሩ መጽሐፍ ካልገባበት መጥፎ አማርኛ ተመልሶ በእነሱ አፍ ይመጣል። ስለዚህ ይግባ። በደንብ ስካን ተደርጎ፣ ሰው ፊደሉን አርሞት ይግባ። ማሽን የአማርኛ ህትመት ሲያነብ «ሰማ» የሚለውን «ለማ» ያደርገዋል፤ ሁለቱም ቃል ስለሆኑ ማንም አይይዘውም። ይህን የሚያርም ሰው ደመወዝ ያስፈልገዋል፣ መጽሐፉም ዋጋ።

እዚህ ላይ የአልሳፕ ሚዛን ለእኛ አይበቃም። አንድ ቅጂ ገዝተህ ቆርጠህ ተጠቀም ሲባል በእንግሊዝኛ ምንም ላይመስል ይችላል፤ እዚያ አንድ መጽሐፍ ከሚሊዮኖች አንዱ ነው። አማርኛ ትንሽ ክምችት ነው ያለው። የእያንዳንዱ መጽሐፍ ድርሻ በዚያው ልክ ከፍ ይላል። የአንድ ጎበዝ ደራሲ አጻጻፍ የማሽኑን አማርኛ ቅርጽ ሊያስይዘው ይችላል፣ ለዚያ የሚከፈለው ግን የአንድ ኮፒ የሽያጭ ዋጋ፣ ጥቂት መቶ ብር ነው። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ለአዟሪው እንጂ ለደራሲው እሷም አትደርሰውም። ይህ በሕግ ቢያስኬድም በሚዛን አያስኬድም።

መውጫው ያለው ውል ላይ ይመስለኛል። ደራሲና አሳታሚ የሚፈራረሙት ወረቀት ላይ ስለ ዲጂታል ፋይልና ስለ ኤአይ ሥልጠና አንድ መስመር ይግባ፤ እስካሁን ያየኋቸው ውሎች ላይ የለም፣ የሌለ ነገር ደግሞ ነገ ለጠበቃ ነው የሚመቸው። የቅጂ መብት ገጹ ላይም በግልጽ ይጻፍ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን አማርኛ ለማሽን የሚሆን ክምችት ሲሠሩ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጋር የደራሲው ስም ተጣብቆ ይኑር፣ ስሙን የሚያወልቅ ሰው ጥሬውን እንዳያገኝ በፈቃዱ ላይ ይታሰር። ስሙ ሞዴሉ ውስጥ ገብቶ ቢቀልጥ እንኳ የገባው ነገር መዝገብ ይቀራል። የሥልጠና መጻሕፍት ዝርዝር ይፋ ቢሆን «መምህርህ ማን ነው» ለሚለው ግማሽ መልስ ነው።

የቃል ቅኔው ግን ከሁሉ ይብሳል። ሕጉ የሚጠብቀው የሰፈረውን ነው ብያለሁ። እሑድ ማሕሌት ላይ የተዘረፈ መወድስ በአየር ላይ ነው ያለው። አንዱ በስልኩ ቀድቶ ቢለቀው፣ ከዚያም በጽሑፍ ቢያወጣው፣ የኔታ ባለቤትነታቸውን በምን ያስረዳሉ? የጎጃም ትልቁ ሀብት ወረቀት የሌለው ሀብት ነው።

በዚህ ምክንያት ባለፈው ጥቅምት አንድ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ አልጠየቅኳቸውም። ተማሪዎቻቸው ለዓመታት የገለበጡት የቅኔ ደብተር አላቸው፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የትምህርት ቤት ደብተር፣ አምስቱ በሲባጎ ታስረው። ፎቶ ላንሳው ስላቸው ዝም አሉ። ቆይተው አንዱን ፈቱና ገጽ ገልጠው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አደረጉ። «ይቺ የኔ አይደለችም» አሉኝ። «ጎንጅ ሳለሁ አብሮኝ የተማረ ልጅ ናት። ሞቷል። ይቺን ስታነሳ ስሙን ጻፍበት።» ቀጠሉ። ይቺ የመምህሬ ናት፣ ይቺ ያ የዳሞቱ ልጅ፣ ይቺ የኔ። ማንም ገጹ ላይ ስም አልጻፈም፣ እሳቸው ግን አንዱንም አልሳቱም።

አሁን ሁለት ደብተር ጨርሻለሁ። በስልክ ነው የማነሳው፣ አልቆርጠውም። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የማን እንደሆነ እሳቸው እየነገሩኝ እጽፋለሁ፣ ቀኑንም። ሦስተኛውን ለጥር ቀጥረውኛል።